ቢላህን ነክቼዋለሁ

ግርምዬ፣

ከተለየኸን አንድ ዓመት ከሰባት ወር ሆነ። ባለፈው ጥቅምት ሙት ዓመትህን አስበናል። ያን ቀን ሰው ሁሉ እየተነሣ ስላንተ ሲናገር ከእኔ አፍ አንድ ቃል አልወጣም። ታውቀኛለህ፣ ሰው ፊት ምላሴ ይተሳሰራል። ወረቀት ላይ ይሻለኛል። ፊደል የለየሁት ስኳር ከተጠቀለለበት ቁራጭ ጋዜጣ ላይ መሆኑን እያነሣህ ትስቅብኝ ነበር። እውነትህን ነው፣ ወረቀቱ የተቀደደበት ቦታ ላይ ስደርስ የቀረውን ወሬ ከራሴ እጨርሰው ነበር። ይህንንም ደብዳቤ እንደዚያ ቁጠረው። የጎደለውን አንተ ሙላልኝ።

መጀመሪያ የሚያስቆጣህን ልንገርህና ይውጣልኝ። ቢላህን ነክቼዋለሁ።

መንካት ብቻም አይደለም። ግን ቀስ ብዬ ላስረዳህ።

ቤት ደህና ነው። ማህሌት ስካይላይን አፓርትመንት ተከራይታ ወጥታለች፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ። እሑድ እሑድ ትመጣለች። ፍሪጄን ከፍታ ታይና “ማሚ፣ ዩ ኒድ ቱ ኢት” ትለኛለች፣ እኔም “በልቻለሁ” እላታለሁ፣ እሷም አታምነኝም። መኪናህን አሁን የምነዳው እኔ ነኝ። እንቁላል የተሸከምሽ ይመስል ትነጃለሽ ትለኝ የነበረችው ሴት ዛሬ በየቀኑ በቤልትዌይ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ ደርሳ ትመለሳለች። ድልድዩ ላይ ግን አሁንም መሪውን በሁለት እጄ ነው የምይዘው። ከነጭ ጋዎኖችህ ሁለቱን እጅጌያቸውን አሳጥሬ ለብሻቸዋለሁ። ሦስቱን አልነካሁም።

የሱሺ ቤቷም አለች። ከላውንደሪው ጎን፣ በሩ ላይ የተንጠለጠለው ሰማያዊ ጨርቅ ትንሽ ነጣ ብሏል እንጂ ምንም አልተለወጠችም። ያው ስምንት ወንበር፣ ያው የእንጨት ባንኮኒ፣ ያው ዓሣው የሚደረደርበት መስተዋት። ስንት ዓመት በደጇ ስናልፍ አንድ ቀን ወደ ውስጥ አላየንም ነበር። አንተማ “ጥሬ ዓሣ? ድመት ነኝ እንዴ?” ትል ነበር። ጠዋት ማታ ለሰው ጥሬ ሥጋ ስትቆርጥ የምትውል ሰውዬ ይህን ስትል በሆዴ እስቅ ነበር።

ማህሌት ከኮሌጅ ፓርክ ዩኒቨርሲቲ የተመረቀች ቀን “ዛሬ የት እንደምንበላ የምመርጠው እኔ ነኝ” አለች። ሙሉ ልብስህን ለብሰህ፣ ክራባትህን አጥብቀህ፣ ጨርቁን ጎንበስ ብለህ አልፈህ ገባህ። ጫፍ ላይ ያለችው ወንበር ላይ፣ የቤቱ ባለቤት ጃፓናዊው ጋሼ ኬንጂ የሚቆርጡበት ጣውላ ፊት ለፊት ተቀመጥክ። ምናሌውን አላየህም። እጃቸውን ነበር የምታየው። ጆሮዬ ሥር መጥተህ “አየሻቸው? አይገፉትም እኮ። ይጎትቱታል፣ አንዴ ብቻ” አልከኝ። እንደዚያ ባለ ድምፅ ያወራኸኝ ማህሌት የተወለደች ቀን ብቻ ነበር።

ከዚያ ጋሼ ኬንጂ የመጀመሪያውን፣ በጥቅል ሩዝ ላይ የተኛ ቀጭን ጥሬ ዓሣ፣ ለሦስታችንም ፊት ፊታችን አስቀመጡልን። እኔና ልጅህ እንዴት እንደሚያዝ ስንጨነቅ አንተ እጅህን ሰብስበህ ተቀመጥክ።

“እሳቸውስ?” አልክ።

“ዳድ፣ ሂ ኢዝ ወርኪንግ” አለችህ።

“ቢሠሩስ? ሰው ቆሞ እያየኝ ልጎርስ? ምን ዓይነት አስተዳደግ ነው የምታወሪው?”

ብድግ አልክ። የራስህን ቁራጭ በሦስት ጣትህ አንሥተህ በመስተዋቱ ላይ ተሻግረህ ወደ አፋቸው ዘረጋህ። “በሞቴ!” አልካቸው፣ በአማርኛ። ማህሌት “ኦ ማይ ጋድ” ብላ ፊቷን በምናሌው ሸፈነች። እኔ የጫማዬን ጫፍ ማየት ጀመርኩ። ወዲያኛው ጫፍ የተቀመጡት ባልና ሚስት ወሬያቸውን አቆሙ። ጋሼ ኬንጂ ቁራጩን አዩ፣ አንተን አዩ፣ እንደገና ቁራጩን አዩ። ቢላቸውን አስቀመጡ። እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። ጎንበስ ብለው እጅ ነሡና አፋቸውን ከፈቱ።

ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የሌላ ሰው ሥራ እንደሚመረምር ሰው ቀስ ብለው አኘኩት። ሁላችንም እንጠብቃለን። ከዋጡ በኋላ “ቱ ማች ራይስ” አሉ። በገዛ እጃቸው የሠሩትን፣ ሩዙ በዝቷል! ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ማህሌት እንኳ ምናሌውን አወረደች።

ከዚያ በኋላ ነው ሥራህን የጠየቁህ። እኔ መልስህን አውቀው ነበር። ሁልጊዜ “ፉድ ቢዝነስ” ነበር የምትለው። የማህሌት ትምህርት ቤት ፎርም ላይም እንደዚያ ነበር የሚሞላው። ያን ቀን ግን እኔን አየት አድርገህ “ቡቸር” አልክ፣ ሥጋ ቆራጭ። ጋሼ ኬንጂ ቀኝ እጅህን ተቀብለው ገለበጡት፣ ከጠቋሚ ጣትህ ሥር ቢላ ያጠጠረውን ቦታ በአውራ ጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት፣ ከዚያ የራሳቸውን እጅ ገልብጠው አሳዩህ። እዚያው ቦታ ላይ፣ እንደዚያው የጠጠረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስምህ ግርማሳን ሆነ፣ በጃፓንኛ ጋሽ ግርማ እንደ ማለት። ስንመለስ ማህሌት መኪና ውስጥ ለጓደኛዋ በስልክ “ማይ ዳድ ኢዝ ኤ ቡቸር” ስትል ሰማን። አንተ ራዲዮኑን ዘጋህ፣ ደግማ እንድትለው ይመስለኛል።

ጾም በተፈታ ቁጥር እዚያ መሄድ ልማዳችን ሆነ። የጾም ቀኖቹ የተለዩበትን የቤተ ክርስቲያን ካላንደር ወስደህ ሰጠሃቸው፣ እሳቸውም ከገንዘብ መቀበያው በላይ ሰቀሉት። የመጀመሪያዋ ጉርሻ የእሳቸው መሆኗ ሕግ ሆነ። ጥግ የሚቀመጠው አሜሪካዊ ሽማግሌ እንኳ አንድ ቀን “እኔስ?” በሚል አፉን ከፍቶ ጠበቀህ፣ አጎረስከው።

አንድ ነገር ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያልነገርኩህ አለ። ጋሼ ኬንጂ የእያንዳንዱን ሰው እጅና አፍ አይተው በልኩ እንደሚሠሩ በማህሌት በኩል ነግረውን ነበር። ለአንተ ሁለት ጣት የሚያህል፣ ለእኔ የአውራ ጣቴን ጫፍ የምታህል። አንተ “አየሽ፣ ክብር ነው” ትለኝ ነበር። ክብርነቱስ ልክ ነው፣ ግርምዬ። ግን ጠግቤ አላውቅም ነበር። ቤት ስገባ ዳቦ እበላ ነበር።

ለቅሶህ ላይ መጡ። ጥቁር ልብስ ለብሰው፣ በር ላይ ካለው የጫማ ክምር አጠገብ ጫማቸውን አውልቀው፣ ፊቱን ወደ ውጭ አዙረው አስቀመጡት። ሽማግሌዎቹ መካከል ሦስት ሰዓት ተቀመጡ። ሴቶቹ እንድበላ ይለምኑኛል፣ እኔ አልችልም። ጋሼ ኬንጂ ከተሰጣቸው ሳህን ላይ እንጀራ ቆርሰው ጠቀለሉ፣ ተነሥተው መጥተው ወደ አፌ ዘረጉት። የአውራ ጣቴን ጫፍ የምታህል። በልኬ። በዚያ ሁሉ ሐዘን መካከል ያቺን ዋጥኳት።

አሁን ወደ ቢላው ልመለስ።

ዓመቱን ሙሉ ሥጋ መቁረጫ ግንድህ ላይ የቆሙት ሸሪክህ ጋሽ ተፈራ ናቸው። ሥጋ ቤቱን ስትከፍቱ እሳቸው ከሒሳቡ አንተ ከቢላው ነበር ውላችሁ፣ ትከሻቸው ደግሞ እንደምታውቀው ነው። ሁዳዴ ሊገባ ሲል ጠሩኝ። “እህቴ ስንዱ፣ አልቻልኩም። ኒው ጀርሲ አንድ ጎበዝ ቆራጭ አለ፣ ለፋሲካ ላምጣው ነው” አሉኝ። ጎበዝ ሰው መሆኑን አልጠራጠርም። ግን ግንዱን አየሁት፣ መካከሉ ላይ አንተ ያጎደጎድከውን ቦታ። እዚያ ላይ የማላውቀው ሰው ክንዱን ሲያሳርፍ ታየኝና “እኔ እቆርጣለሁ” አልኳቸው።

ጋሽ ተፈራ የቀለድኩ መስሏቸው ሳቁ። ከዚያ ፊቴን አዩና ሳቃቸውን ተዉት። “ክፋት የለኝም” አሉ፣ “አንቺ ጓዳ ክትፎውን ስትይዥ የሚስተካከልሽ የለም። ቁርጥ ግን ሌላ ነው። ሰው ቆራጩን አይቶ ነው የሚበላው። ሴት ግንድ ላይ ቆማ ማን አይቶ ያውቃል?” እኔም አይቼ አላውቅም አልኳቸው። በመጨረሻ “እስከ ፋሲካ የኒው ጀርሲውን ልጅ አቆየዋለሁ። ከፋሲካ በኋላ ሰዉ ይፈርዳል” አሉኝ።

እንግዲህ ስማኝ። አሥራ አንድ ዓመት ጓዳ ውስጥ ስሠራ በበሩ ክፍተት እጅህን አይ ነበር። ከሻኛው እንዴት እንደምትጀምር፣ ሥጋው የተኛበትን አቅጣጫ በጣትህ ዳስሰህ እንዴት እንደምታቋርጠው። ለጥብስ ከምለየው ቅንጥብጣቢ ላይ፣ አንተ ደንበኛ ስትሸኝ፣ በጓዳው ቢላ እሞክረው ነበር። የምትጠይቀኝ ከሆነ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ደስ ስለሚለኝ ነው።

ቢላህን ግን ነክቼው አላውቅም ነበር። “ቤቱን በሙሉ ውሰጂ፣ ይህችን ተዪልኝ” ትለኝ ነበርና። ከጨርቁ ፈትቼ አወጣኋት። አንተ እንደምታደርገው በሞረዱ ሳልኳት። ይኸውልህ የሚያስቆጣህ፣ ስለቷን አበላሸሁት። ቲማቲም እንኳ እምቢ አላት።

የትም ልወስዳት አልቻልኩም። በማግሥቱ የእረፍት ቀኔ ማክሰኞ ነበር፣ ቤቱ ሳይከፈት ሰማያዊውን ጨርቅ ገልጬ ገባሁ። ያለ አንተ ስገባ የመጀመሪያዬ ነው። ቢላዋን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኳት። ጋሼ ኬንጂ ወደ መብራቱ አነሧትና ጫፏን አዩ። እንደሚስሉልኝ ጠበቅሁ። እሳቸው የመሳያ ድንጋይ ከውኃ አውጥተው እኔ ፊት አደረጉ። “ዩር ናይፍ” አሉኝ። “ዩ።”

የግርማ ነው ልላቸው ነበር። ቢላዋን አንሥቼ ድንጋዩ ላይ አሳረፍኳት።

በሁዳዴ ሁሉ ማክሰኞ ማክሰኞ ሄድኩ። የሚያስተምሩት በጣም ጥቂት ነው፣ “ክሎዝ አይስ። ሊስን” ይሉኛል፣ ጨፍነሽ ስሚ ነው። ቢላው በትክክል ሲያርፍ ድንጋዩ እንደ ሹክሹክታ ያለ ድምፅ ያወጣል፣ ሲዛባ ይጮሃል። ዕድሜዬን ሙሉ ዝም ስል ስለኖርኩ ጆሮዬ አላሳፈረኝም። ስጨርስ ሻይና ለጋ ኪያር የተጠቀለለበት ሩዝ ይሰጡኛል፣ ዓሣ የሌለበት። ከመስጠታቸው በፊት ዞር ብለው ካላንደርህን ያያሉ። አንድም ቀን አልተሳሳቱም።

ሥጋ ቤት ደግሞ ለማይጾሙት ከሚመጣው ጥቂት ሥጋ ጫፍ ጫፉን እየወሰድኩ እለማመዳለሁ። የማልቀምሰውን ነበር የምቆርጠው። በዓይኔና በእጄ ብቻ። ጋሽ ተፈራ ከመዝገባቸው ላይ ቀና ብለው ያዩኝና ወደ ሒሳባቸው ይመለሳሉ።

ፋሲካ ሆነ። በማግሥቱ ሥጋ ቤቱ አፉ ድረስ ሞላ። ጋዎንህን ለብሼ ግንዱ ላይ ቆምኩ። አቶ ደምሴን ታውቃቸዋለህ፣ በቀልድ ሰው የሚገድሉት። ገና ከበሩ ላይ “ቆራጩስ?” አሉ። ጋሽ ተፈራ በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱ። “ኧረ በእናታችሁ! እኔ የመጣሁት ለቁርጥ ነው፣ ሽሮ ቤት ነው እንዴ የገባሁት?” ሰው ሳቀ። ፊቴ እንደ በርበሬ ሲቀላ ተሰማኝ። “ተይ እህቴ፣ ጣትሽን ትቆርጪና እሱን እንበላለን” አሉኝ ደግሞ፣ ሰው እንደገና ሳቀ።

ሻኛውን አወረድኩ፣ በጣቴ ዳሰስኩ፣ ዓይኔን ለአፍታ ጨፈንኩ። አልገፋሁትም። ጎተትኩት፣ አንዴ ብቻ። የመጀመሪያዋን በቢላው ጠፍጣፋ ላይ አድርጌ ዘረጋሁላቸው፣ አንተ እንደምታደርገው። አቶ ደምሴ ሚጥሚጣ ነክተው ጎረሱ። አኘኩ። ሁሉም አፋቸውን ያያል። ሌላ ቀልድ እየመጣ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

“ድገሚኝ” አሉ።

ከኋላቸው የነበረው ሰውዬ ሳህኑን ወደ ፊት ገፋ። እስከ ቀትር አልተቀመጥኩም። መካከል ላይ ቀና ስል ጋሼ ኬንጂ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ወረፋው ውስጥ ቆመዋል። ሥጋውን አላዩም። እጄን ነበር የሚያዩት፣ አንተ የእሳቸውን እንዳየኸው። የቆረጥኩላቸውን በሉ፣ እጅ ነሥተው ወጡ። ደግ ይሁን ክፉ ፊታቸው ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም። ጋሽ ተፈራም ሲመሽ “እንግዲህ እናያለን” ብቻ አሉ። ሳምንቱን ሙሉ ቆረጥኩ፣ ሳምንቱን ሙሉ “እናያለን”።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው ማክሰኞ ማህሌት ሁላችንንም ሱሺ ቤት ጋበዘችን። ጋሽ ተፈራን ጭምር። እሳቸውም ስለ ጥሬ ዓሣ አንተ ያልከውን ሁሉ አንድ በአንድ ደገሙት፣ ድመቱንም ሳይቀር። ማህሌት ወደ ቀድሞ ወንበሬ ልታስቀምጠኝ ስትል፣ እንዴት እንደደፈርኩ አላውቅም፣ ጫፉ ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ። ያንተው ላይ።

ጋሼ ኬንጂ ሠሩ። ለማህሌት አስቀመጡ፣ ለጋሽ ተፈራ አስቀመጡ። እኔ ፊትም አስቀመጡ። ሁለት ጣት የሚያህል ነበር፣ ያንተ ልክ። ወንበሩ አሳስቷቸው፣ እጃቸው በልማድ አንተን አስታውሶ ነው ብዬ ዓይኔ ሞላ። ማህሌትም እንደዚያው መሰላት፣ ቀስ ብላ “ዛት ወዝ ማይ ዳድስ ሳይዝ” አለቻቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። “ኖ” አሉ። “ቡቸር ሳይዝ።”

በባንኮኒው ላይ ተሻግረው ቀኝ እጄን ያዙና ገለበጡት። ከጠቋሚ ጣቴ ሥር በአውራ ጣታቸው ነኩኝ። ግርምዬ፣ እኔ ራሴ አላየሁትም ነበር። ጠጥሯል።

ጋሽ ተፈራ አንዴ የእኔን ሳህን፣ አንዴ የራሳቸውን አዩ። “ምን አሉ?” ብለው ማህሌትን ጠየቋት፣ ነገረቻቸው። ዓሣቸውን ሳይነኩ ስልካቸውን ይዘው ወጡ። በጨርቁ ሥር እግራቸው ወዲያና ወዲህ ሲል ይታየኛል። ተመልሰው ተቀመጡ። “ለልጁ ደወልኩለት” አሉ። “ይቅርታ፣ ቦታው ሰው አለበት አልኩት።” ከዚያ ጥሬውን ዓሣ ሳያስቡት ጎርሰው፣ ምን እንደበሉ ትዝ ሲላቸው ዓይናቸው ፈጠጠ። ማህሌት እስክታለቅስ ሳቀች።

እኔ ቆሜያለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንተ ስትዘረጋ ጫማዬን የማየው እኔ፣ ቁራጩን በሦስት ጣቴ አንሥቼ በመስተዋቱ ላይ ተሻገርኩ። “በሞቴ” አልኩ። ድምፄ ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት፣ ሌላውም ሰማው። ጋሼ ኬንጂ ቢላቸውን አስቀመጡ፣ እጃቸውን ጠረጉ፣ እጅ ነሡ። ዓይናቸውን ጨፍነው ረዘም አድርገው አኘኩ።

“ቱ ማች ራይስ” አሉኝ።

ያን ቀን ቤት ስገባ ዳቦ አልበላሁም።

ቢላህን በየማክሰኞው ዓይኔን ጨፍኜ እስላታለሁ፣ ደህና ናት። ግንዱ ላይ ያጎደጎድከው ቦታ ክንዴን ይችላል፣ ትንሽ ሰፋኝ እንጂ። ሰው ሥራሽ ምንድን ነው ሲለኝ ምን እንደምመልስ ታውቃለህ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሳልገፋ እናገረዋለሁ። ከቆረጥኩት የመጀመሪያዋን ለሰው በዘረጋሁ ቁጥር እጄ ላይ አለህ። እጄ እስከሠራ ድረስ እንደዚያው ነው።

ያንተው ስንዱ፣
ቆራጯ